ምዕራፍ አራት፦ አየሩ የት ገባ?

የሶቪየት ኅብረት መሐንዲሶች በ1967 ወደ ቬነስ የላኳትን ቬኔራ 4 ሲሠሩ ከመቆለፊያዎቿ አንዱን ያበጁት ከስኳር ነበር። በቂ ምክንያት ነበራቸው። ቬነስ ዙሪያዋን ያለ ፋታ በደመና የተሸፈነች ናት፤ ከደመናው ሥር ምን እንዳለ በዓይኑ ያየ ሰው አልነበረም። የሬዲዮ ቴሌስኮፖች ከ1956 ጀምሮ ኃይለኛ ሙቀት እንዳለ ቢጠቁሙም፣ ሙቀቱ ከመሬቷ ሳይሆን ከላይኛው አየር ነው የሚመጣው የሚሉ ሳይንቲስቶች ስለነበሩ ክርክሩ አልተዘጋም። ታች ባሕር ሊኖር ይችላል። ካፕሱሏ ውሃ ላይ ብታርፍ ስኳሩ ይሟሟል፣ መቆለፊያው ይለቃል፣ አንቴናዋም ወጥቶ እየተንሳፈፈች ወሬዋን ወደ ምድር ትልካለች። (በዚህ ምዕራፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስኳሩን የሚያሟሟ ውሃ አልተገኘም። ኦክቶበር 18 ቀን ካፕሱሏ በፓራሹት ተንጠልጥላ ወደ ቬነስ ሰማይ ስትገባ፣ በሌላ ፕላኔት አየር ውስጥ ሆና ልኬት የወሰደች የመጀመሪያዋ መሣሪያ ሆነች። ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቁልቁል እየወረደች የላከችው መረጃ እየቆየ የሚያስደነግጥ ሆነ። አየሩ ከ90 በመቶ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሙቀቱ 100ን አለፈ፣ 200ን አለፈ፣ 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደረሰ። ግፊቱ በእኛ ባሕር ጠለል ላይ ካለው 20 እጥፍ ገደማ ሲሆን ድምጿ ጠፋ።

ሞስኮ ውስጥ መሬት ደርሳለች ተብሎ ታወጀ። በማግስቱ የአሜሪካዋ ማሪነር 5 በቬነስ አጠገብ አለፈች፤ የሬዲዮ ሞገዷም የቬነስን አየር ሰንጥቆ ወደ ምድር ሲመጣ ያሳየው ለውጥ ሌላ ነገር ተናገረ። የሁለቱ መረጃ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ቬኔራ 4 ዝም ያለችው ገና 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀራት እንደነበር ታወቀ። ታች ያለው ከዚህም የባሰ ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ የተላከችው ቬኔራ 7 ስኳር አልያዘችም። ካፕሱሏ ከታይታኒየም ተሠርታ የምድርን 180 እጥፍ ግፊት እንድትችል ተደረገች። ዲሴምበር 15 ቀን 1970 ወደ መሬት ስትቃረብ ፓራሹቷ ከዳት፤ በሴኮንድ 16 ሜትር ገደማ ፍጥነት ወርዳ መሬቱን መታችው፤ ምልክቷም ተቋረጠ። አለቀላት ተባለ። ቆይቶ ግን የተቀዳው ቴፕ እንደገና ሲመረመር ከሬዲዮው ጫጫታ ሥር እጅግ የደከመ፣ ከቀድሞው አንድ በመቶ ያህል ብቻ ጉልበት ያለው ምልክት ለ23 ደቂቃ ሲቀጥል ተገኘ። ካፕሱሏ በጎኗ ሳትወድቅ አልቀረችም፤ አንቴናዋ ወደ ምድር አልዞረም። ግፊቱን መላክ ያልቻለች ቢሆንም ሙቀቱን ደጋግማ ላከች፤ 475 ዲግሪ። ከሌላ ፕላኔት መሬት ላይ ሆኖ ወደ እኛ የደረሰ የመጀመሪያው መረጃ ይህ ነው።

ይህን ሁሉ እንቆቅልሽ የሚያደርገው የቬነስና የምድር መመሳሰል ነው። የቬነስ ስፋት የምድርን 95 በመቶ፣ ክብደቷ 82 በመቶ ያህላል። በወዲያኛው በኩል ያለችው ማርስ አነስ ትላለች፤ ከዳር እስከ ዳር የምድርን ግማሽ ብትሆን ነው፣ ክብደቷም አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ሦስቱም የተወለዱት ከ4.5 ቢሊዮን ዓመት በፊት፣ በአንዲት ወጣት ፀሐይ ዙሪያ ይሽከረከር ከነበረው የጋዝና የአቧራ ክምችት ነው። ሦስቱም እሳተ ገሞራ ነበራቸው፤ እሳተ ገሞራዎቻቸውም በዋነኛነት የተፉት የውሃ ተንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው።

ዛሬ የቬነስ አየር መሬቷን የሚጫነው የምድርን 92 እጥፍ ነው። ምድር ላይ እንዲህ ያለ ግፊት የሚገኘው ከባሕር ወለል በታች 900 ሜትር ያህል ሲጠለቅ ነው። ማርስ ላይ በተቃራኒው ግፊቱ የምድርን አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ በመሆኑ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የማርስን ግፊት በምድር ሰማይ ላይ መፈለግ ከተፈለገ ግን ወደ 35 ኪሎ ሜትር ከፍታ መውጣት ያስፈልጋል፤ ከኤቨረስት ጫፍ አራት እጥፍ ገደማ። በቬነስና በማርስ መካከል ያለው የግፊት ልዩነት 15 ሺህ እጥፍ ይደርሳል።

በግፊት እንዲህ የተራራቁት ሁለቱ በአየራቸው ስሪት ግን መንታ ሊባሉ ምንም አይቀራቸውም። የቬነስ አየር 96.5 በመቶ፣ የማርስ 95 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ በሁለቱም ከቀረው ውስጥ ቀዳሚው ናይትሮጅን ነው። ባይተዋሯ በመካከል ያለችው ምድር ናት። ናይትሮጅኗ 78 በመቶ፣ ኦክስጅኗ 21 በመቶ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዷ ግን ከአሥር ሺህ እጅ አራት እጅ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ምድር እህቶቿን የሞላውን ጋዝ የት አደረሰችው? ይህ ምዕራፍ የሚከተለው የዚያን ጋዝና አብሮት የነበረውን ውሃ ዱካ ነው። አንድ ፕላኔት የወጣላትን ጋዝ የምታኖርበት ወይም የምታጣበት ቦታ ሦስት ነው፤ ሰማይ፣ ድንጋይ ወይም ጠፈር። ጎረቤታሞቹ የተለያዩት እዚህ ላይ ነው።

ቬነስ ያላትን ሰማይ ላይ አስቀረች።

ስለ እርሷ ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ ለፀሐይ ስለምትቀርብ ጋለች የሚል ነው። እውነት ነው፤ ከፀሐይ ያላት ርቀት 108 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር፣ የምድር 150 ሚሊዮን ስለሆነ፣ የሚደርሳት ብርሃን የእኛን እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ይሁን እንጂ የሰልፈሪክ አሲድ ደመናዋ ከዚያ ብርሃን ሦስት አራተኛውን ወደ ጠፈር ይመልሰዋል። ነጭ ሆና የምትደምቀው፣ ማለዳም ሆነ ምሽት ከኮከብ ሁሉ ጎልታ የምትታየው ለዚህ ነው። ሒሳቡ ሲሠራ ቬነስ ውስጧ የምታስገባው የፀሐይ ሙቀት ከምድርም ያነሰ ሆኖ ይገኛል። አየሯ ባይኖር፣ ያ ነጸብራቋ ግን ባለበት ቢቆይ፣ መሬቷ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ በቀዘቀዘ ነበር። የተለካው ግን ከዜሮ በላይ 465 ነው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለውን 500 ዲግሪ ያመጣው አየሩ ብቻ ነው።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ የፀሐይን ብርሃን ያሳልፋል፤ የጋለው መሬት መልሶ የሚለቀውን የማይታይ ሙቀት ግን ይይዛል። ጋቢ የለበሰ ሰው የሚሞቀው ጋቢው እሳት ስላለው ሳይሆን የራሱን ሙቀት ስላላስወጣበት ነው፤ ሙቀት አማቂ ጋዞች የሚባሉትም ሥራቸው ይኸው ነው። ምድርን እንዲህ ያሉት ጋዞች 33 ዲግሪ ያህል ያሞቋታል፤ ባይኖሩ ውቅያኖሶቻችን በረዶ ይሆኑ ነበር። በዚህ ረገድ አንድ የታሪክ ግጥምጥሞሽ ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። በ1896 የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ሲጨምር ምድር ምን ያህል እንደምትሞቅ አስልቶ ያሳተመው ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ፣ በ1918 ስለ ቬነስ ሲጽፍ ረግረግ የሞላባትና እጽዋት የለመለሙባት እርጥብ ዓለም አድርጎ ሣላት። መልሱ በራሱ ቀመር ውስጥ ነበር፤ ያልነበረው መረጃው ነው። ቬነስን ያጋላት የአየሯ ሙቀት አማቂነት ነው የሚለውን ሐሳብ በ1960 በስሌት ያቀረበው ወጣቱ ካርል ሴጋን ነበር።

ውሃዋስ? የምድርን ያህል ካርቦን ያላት ቬነስ የምድርን ያህል ውሃ ሊኖራት ይገባ ነበር። ዛሬ ያላት ጥቂት ተን ነው። የጠፋበትን መንገድ ያሳየው ማስረጃ የተገኘው ደግሞ በአንድ ብልሽት ነው፤ ታሪኩ በዝርዝር ሊነገር ይገባዋል።

በዲሴምበር 1978 የአሜሪካው ፓዮኒር ቬነስ ትልቁ መመርመሪያ በደመናው ውስጥ ሲወርድ፣ አየሩን ስቦ የሚመዝነው መሣሪያ መግቢያ ቀዳዳ በአሲድ ጠብታ ተደፈነ። ለቀማው ቆመ። ጠብታው ግን ውሃ የቀላቀለ ሰልፈሪክ አሲድ ነበር፤ መመርመሪያው ወደ ታች ሲወርድና አየሩ ሲግል ጠብታው ተነነ፣ ውስጡ የነበረው ውሃም በቀጥታ ወደ መሣሪያው ገባ። በዚህ ሰበብ መሣሪያው ከተጠበቀው እጅግ የበለጠ የቬነስ ውሃ አገኘ። ቶማስ ዶናሁና ባልደረቦቹ መረጃውን ፈትሸው በ1982 ያወጡት ውጤት እንዲህ ይላል፦ በቬነስ ውሃ ውስጥ ያለው ከባድ ሃይድሮጅን፣ ዲዩቴሪየም የሚባለው፣ ከተራው ሃይድሮጅን አንጻር ሲታይ የምድርን መቶ እጥፍ ያህላል።

ይህ ቁጥር የሚነበበው እንዲህ ነው። የውሃ ተን ከፍ ብሎ ሲወጣ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ይሰነጥቀዋል፤ ሃይድሮጅኑ ከሁሉ የቀለለ ስለሆነ ወደ ጠፈር ያመልጣል። በክብደት እጥፍ የሆነው ዲዩቴሪየም ግን ቶሎ አያመልጥም። ብዙ ውሃ እንዲህ ሲሄድ የሚቀረው ትርፍራፊ በከባዱ እየበለጸገ ይመጣል። ቬነስ ከዛሬው እጅግ የበዛ ውሃ ነበራት፤ አሁን የለም። ያ ውሃ በባሕር መልክ ተኝቶ ነበር ወይስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተን ሆኖ ኖረ በሚለው ላይ ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከራሉ። ውጤቱ ላይ ግን ልዩነት የለም። ውሃ ሲጠፋ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከሰማይ አውርዶ ድንጋይ የሚያደርገው ነገር አብሮ ጠፋ፤ እሳተ ገሞራዎቿ የተፉት ሁሉ ሰማይ ላይ ተከማችቶ ቀረ። የአየሯ ናይትሮጅን 3.5 በመቶ ብቻ ነው ቢባልም፣ ከጠቅላላው ግዝፈት የተነሳ ያ ትንሽ እጅ የምድርን ናይትሮጅን ሦስት እጥፍ ገደማ ነው።

በእንደዚህ ያለ አየር ውስጥ መሣሪያ አይበረክትም። በማርች 1982 ያረፈችው ቬኔራ 13 ለ32 ደቂቃ ታስባ ለ127 ደቂቃ ሠርታለች፤ እስካሁን የሚበልጣት አልተገኘም። የላከቻቸው የቀለም ፎቶዎች ጠፍጣፋና የተሰነጣጠቀ ድንጋይ በብርቱካናማ ብርሃን ውስጥ ያሳያሉ። መሬቱ ላይ ነፋሱ ከሰው እርምጃ አይፈጥንም፤ ሆኖም አየሩ እጅግ ወፍራም ስለሆነ ያ ዝግተኛ ነፋስ ይገፋል። ደመናው ካለበት ከፍታ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ፕላኔቷ በራሷ ዛቢያ አንዴ ለመዞር 243 ቀን ሲፈጅባት ደመናዋ በአራት ቀን ገደማ ይዞራታል። በጁን 1985 የሶቪየቶቹ ቬጋ 1 እና ቬጋ 2 በዚያ ነፋስ ላይ ሁለት ፊኛዎች ለቀቁ። 54 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ግፊቱ በምድር ባሕር ጠለል ካለው ግማሽ ያህል፣ ሙቀቱም እንደ አዋሽ ቆላ በመሆኑ ፊኛዎቹ ሁለት ቀን ለሚጠጋ ጊዜ ተንሳፍፈው መረጃ ላኩ። ከታች ያለው ምድጃና ከላይ ያለው ለስላሳ ሰማይ የአንድ ፕላኔት ናቸው።

የምድር ካርቦን ያለበትን ለማየት ባሌ ድረስ መሄድ ይበቃል። የዌብ ወንዝ ሶፍ ዑመር ላይ የቦረቦረው ዋሻ፣ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የተለካው፣ ከዳር እስከ ዳር የኖራ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የአፍሪካ ቀንድን ሸፍኖ በነበረ ጥልቀት የሌለው ባሕር ወለል ላይ የተጠራቀመ ነው፤ የዚያው ዘመን ንብርብር በዓባይ ሸለቆ ገደል ላይና በመቀሌ ዙሪያ ይታያል። ከዚህ ድንጋይ ስባሪ ወስዶ ፈጭቶ ሎሚ የጨመቀበት ሰው ጥቃቅን አረፋ ሲወጣ ያያል። አረፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ዳይኖሰሮች ይተነፍሱት ከነበረው አየር ተወስዶ ድንጋይ ውስጥ የታሰረ ጋዝ፣ አሁን ጣት ላይ ይፈታል። 100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ 44 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዟል። የሲሚንቶ ፋብሪካ እቶን ድንጋዩን ወደ 900 ዲግሪ ሲያግለው የሚወጣውም ይኸው ጋዝ ነው፤ ሲሚንቶ ማምረት፣ የሚነደውን ነዳጅ ሳይቆጥሩ እንኳ፣ አየሩን የሚበክለው በዚህ ምክንያት ነው።

ጋዙ ወደ ድንጋይ የሚገባበት መንገድ ውሃን ይጠይቃል። ዝናብ ሲወርድ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያሟሟና ደካማ አሲድ ይሆናል። አሲዱ የተራራ ድንጋይ እየቦረቦረ ካልሲየም ያወጣል፤ ወንዝ ተሸክሞ ባሕር ያደርሰዋል፤ እዚያ ዛጎልና ኮራል የሚሠሩ ፍጥረታት ካርቦኑንና ካልሲየሙን አጣምረው ቤታቸውን ይሠሩበታል። ሲሞቱ ዛጎሉ ወለሉ ላይ ይከማቻል፣ ይጨመቃል፣ ድንጋይ ይሆናል። የምድር ቅርፊት ተንቀሳቃሽ ስለሆነ ከዚህ ድንጋይ የተወሰነው ወደ ጥልቁ ተስቦ ይገባል፣ ይግላል፣ ጋዙም በእሳተ ገሞራ ተመልሶ ይወጣል።

ይህ ዑደት ራሱን የሚያስተካክል መሆኑን ጄምስ ዎከር፣ ፖል ሄይስና ጄምስ ካስቲንግ በ1981 አሳዩ። ምድር ስትሞቅ ዝናብ ይበዛል፣ ድንጋዩ ቶሎ ይሸረሸራል፣ ጋዙ ከአየር ይቀንሳል፤ ስትቀዘቅዝ ተቃራኒው ይሆናል። ፀሐይ በልጅነቷ ከዛሬው 30 በመቶ ገደማ የደበዘዘች ሆና ሳለ ምድር ላይ ፈሳሽ ውሃ ሊቆይ የቻለበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አልቀረም። ዑደቱ የሚሠራው ግን በመቶ ሺዎችና በሚሊዮኖች ዓመት ነው። የሰው ልጅ በሁለት መቶ ዓመት ውስጥ ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ ያወጣውን ጋዝ በዚህ ፍጥነት ይዋጥልኛል ብሎ መጠበቅ አይችልም።

በምድር ድንጋዮች ውስጥ የታሰረው ካርቦን ሁሉ ቢፈታ በቬነስ ሰማይ ላይ ካለው ጋር የሚቀራረብ ክብደት ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ አየር ይወጣል። ሁለቱ እህትማማቾች ሀብታቸው እኩል ነበር ማለት ነው። ውሃችን ያልጠፋውም ከ10 እስከ 17 ኪሎ ሜትር ባለው ከፍታ ላይ አየሩ እጅግ ስለሚቀዘቅዝ ነው። ከባሕር የሚነሳ ተን እዚያ ሳይደርስ በረዶ ወይም ዝናብ ሆኖ ይመለሳል፤ ሃይድሮጅኑን የሚገነጥለው ጨረር ዘንድ የሚደርስ ጥቂት ነው። ኦክስጅኑ ደግሞ የሕያዋን ሥራ ነው። ሲያኖባክቴሪያ የሚባሉ ጥቃቅን ፍጥረታት የፀሐይ ብርሃን ተጠቅመው ውሃን መሰንጠቅ ከተማሩ በኋላ፣ ከ2.4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ኦክስጅን በአየሩ ውስጥ መቆየት ጀመረ። በቬነስና በማርስ እንዲህ ያለ ነገር አልታየም።

ማርስ ያላትን ለጠፈር ሰጠች። በአብዛኛው።

ጁላይ 1965 ማሪነር 4 ማርስን አልፋ ከጀርባዋ ስትሰወር የሬዲዮ ሞገዷ በቀጭኑ አየር ውስጥ ያለፈበት ሁኔታ ተለካ፤ ግፊቱ ከምድር አንድ በመቶ በታች ሆኖ ተገኘ። እስከዚያ ድረስ ብዙዎች አሥር እጥፍ ያህል ይገምቱ ነበር። በአንድ ቀን ውስጥ በማርስ ላይ በክንፍ ተንሸራትቶ የማረፍ እቅድ ሁሉ ከንቱ ሆነ። ዛሬም ማርስ ላይ የሚያርፍ ሁሉ የሚቸገረው በዚህ ነው፤ አየሩ መንኮራኩርን ለማጋል ይበቃል፣ በፓራሹት ብቻ ለማሳረፍ ግን አይበቃም።

ሆኖም የደረቁ የወንዝ መፋሰሻዎች በማርስ ላይ በግልጽ ይታያሉ። ተሽከርካሪው ሮቦት ፐርሰቪራንስ በፌብሩዋሪ 2021 ያረፈበት የጄዜሮ ጉድጓድ፣ ወንዝ ሐይቅ ሲገባ የሠራው ደለል ያለበት ነው። ዛሬ ባለው ግፊት ውሃ ማርስ ላይ አይረጋም፤ ወይ ይበርዳል ወይ ይተናል። ስለዚህ አየሩ አንድ ጊዜ ወፍራም ነበር። የት ሄደ?

በሴፕቴምበር 2014 ማርስ የደረሰችው መንኮራኩር ሜቨን ይህን ልትመረምር ነው የተላከችው። የጥናቱ መሪ ብሩስ ጃኮስኪና ቡድኑ የተጠቀሙበት ብልሃት በአርገን ላይ የቆመ ነው። አርገን ከማንም ጋር የማይዋሐድ ጋዝ ነው፤ ድንጋይ ውስጥ አይገባም፣ በረዶ አይሆንም፣ ስለዚህ ከአየሩ ከጎደለ የሄደው ወደ ጠፈር ብቻ ነው። ቀላሉ አርገን 36 ከከባዱ አርገን 38 ይልቅ ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ይበልጥ ይጠፋል፤ የሁለቱ ምጣኔ ምን ያህል እንደተዛባ በመለካት ምን ያህል እንደሄደ ይሰላል። በ2017 የታተመው ውጤት ከማርስ አርገን 65 በመቶ ያህሉ ጠፍቷል አለ። ሌሎቹ ጋዞችም ዕጣቸው ከዚህ ብዙ የራቀ ሊሆን አይችልም። ገፊው የፀሐይ ነፋስ ነው፤ ከፀሐይ የሚወረወሩት በኤሌክትሪክ የተሞሉ ቅንጣቶች የላይኛውን አየር እየመቱ ይነጥቁታል። ዛሬም በሴኮንድ 100 ግራም ያህል ይሄዳል። ኃይለኛ የፀሐይ ማዕበል በሚነሳበት ጊዜ ደግሞ ይህ መጠን ብዙ እጥፍ ይጨምራል።

ብዙ ጽሑፎች እዚህ ላይ ጥፋቱን በሙሉ በመግነጢሳዊ መስክ ላይ ይጥላሉ፤ ማርስ የነበራት መስክ ከ4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ስለጠፋ አየሯ ያለ ጋሻ ቀረ ይላሉ። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ቢሆን ቬነስ ባዶዋን በቀረች ነበር፤ እርሷም መግነጢሳዊ መስክ የላትም፣ ለፀሐይም ትቀርባለች። ይልቁንስ ትልቁ ምክንያት የማርስ ትንሽነት ነው። ከምድር ስበት ለማምለጥ በሴኮንድ 11 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲያስፈልግ ከማርስ ለማምለጥ 5 ይበቃል። ትንሽ በመሆኗም ውስጧ ቶሎ በረደ፤ እሳተ ገሞራዎቿ ተዳከሙ፤ የጎደለውን የሚተካ አልተገኘም። ጥቂቱ ካርቦን ድንጋይ ውስጥም ገብቷል። ኪዩሪዮሲቲ የተባለው ሌላ ተሽከርካሪ ሮቦት በጌል ጉድጓድ ውስጥ የቆፈራቸው ድንጋዮች ከ5 እስከ 10 በመቶ ገደማ ሲደራይት የሚባል የብረት ካርቦኔት እንደያዙ በ2025 ተዘግቧል። በምድር ድንጋዩን መልሶ የሚያግል ሂደት አለ፤ ማርስ ላይ ግን የገባው እንደገባ ቀረ። ማርስን አሙቀን እንደ ምድር እናድርጋት የሚለው ሐሳብ የሚሰናከለው በዚሁ ነው፤ ጃኮስኪና ክሪስቶፈር ኤድዋርድስ በ2018 እንዳሰሉት በእጅ ሊደረስበት የሚችለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሁሉ ቢለቀቅ እንኳ የማርስን ግፊት ቢበዛ ሦስት እጥፍ ያደርገዋል እንጂ ወደ ምድር አያቀርበውም።

የቀረው ቀጭን አየር የራሱ ሕይወት አለው። በየክረምቱ በዋልታው ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ራሱ ደረቅ በረዶ ሆኖ ስለሚወርድ የመላው ፕላኔት ግፊት ከአራት እጅ አንድ እጅ ያህል ይቀንሳል፤ በበጋ መልሶ ይነሳል። በ1976 ያረፉት ሁለቱ የቫይኪንግ መንኮራኩሮች ይህን መውጣትና መውረድ ከዓመት ዓመት መዝግበዋል። አቧራው ፕላኔቷን ሙሉ የሚሸፍንበት ጊዜም አለ፤ ለ14 ዓመታት የሠራችውን ተሽከርካሪ ሮቦት ኦፖርቹኒቲን በጁን 2018 ዝም ያሰኛት የአቧራ ማዕበል ፀሐይዋን ጋርዶባት ነው። ከፌብሩዋሪ 2021 ጀምሮ ይህን የአየር ሁኔታ ከላይ ሆና የምትከታተለው የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ያመጠቀቻት አል አማል ናት።

ፐርሰቪራንስ ደግሞ ጆሮ ይዞ ሄዷል። በማይክሮፎኑ የተቀዳው ድምፅ በ2022 ሲተነተን በማርስ ድምፅ በሴኮንድ 240 ሜትር ያህል እንደሚጓዝ ታወቀ፤ በምድር 340 ነው። ይበልጥ የሚደንቀው ቀጭን ድምፅ ከወፍራሙ በሴኮንድ 10 ሜትር ያህል መቅደሙ ነው። ሙዚቃ ቢጫወት ከሩቅ ለቆመ አድማጭ ከበሮው ከዋሽንቱ በኋላ ይደርሳል፤ ብዙ ከራቀ ደግሞ ምንም አይደርሰውም፣ ቀጭኑ አየር ድምፅን ቶሎ ይውጠዋልና። በዚሁ አየር ላይ 1.8 ኪሎ የምትመዝነው ኢንጄኒዩቲ ሄሊኮፕተር ክንፎቿን በደቂቃ 2,400 ጊዜ ገደማ እያሽከረከረች ከኤፕሪል 2021 እስከ ጃንዋሪ 2024 ድረስ 72 ጊዜ በርራለች።

ሜርኩሪን በተመለከተ የሚባለው አጭር ነው። ትንሽ ናት፣ ለፀሐይ ከሁሉ ትቀርባለች፤ አየር ሊባል የሚችል ነገር አልቀረላትም። በዙሪያዋ ያሉት የሶዲየምና የሌሎች ጋዞች አተሞች እርስ በርስ ለመጋጨት እንኳ አይበቁም።

እነዚህ ጎረቤቶች ያስተማሩት አሁን ሩቅ ላሉ ፕላኔቶች እየዋለ ነው። 40 የብርሃን ዓመት ርቃ በምትገኘው ትራፒስት 1 በተባለች ትንሽ ቀይ ኮከብ ዙሪያ ሰባት ድንጋያማ ፕላኔቶች አሉ። የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ በ2023 ከእነዚህ ውስጥ ለኮከቧ ቅርብ የሆኑትን ሁለቱን ለክቶ የመጀመሪያዋ አየር አልባ መሆኗን የሚያመለክት ሙቀት አገኘ፤ ሁለተኛዋም እንደ ቬነስ ያለ ወፍራም የካርቦን ዳይኦክሳይድ አየር እንደሌላት አሳየ። ተመራማሪዎቹ ውጤቱን የሚያነቡት ቬነስን፣ ማርስንና ሜርኩሪን አጠገቡ አስቀምጠው ነው።

ከሦስቱ ዱካዎች ጥናቱ ወደኋላ የቀረው የቬነስ ነው። ናሳ በ2021 የመረጠው የዳቪንቺ ተልዕኮ ይህን ሊያስተካክል ታስቧል። ከታይታኒየም የሚሠራው ክብ መመርመሪያ አልፋ ሬጂዮ በተባለ ተራራማ ቦታ ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል እየወረደ አየሩን በየከፍታው ይለቅማል፤ ከሚመዝናቸውም መካከል ዲዩቴሪየም፣ አርገንና ዜኖን ይገኙበታል። የዲዩቴሪየሙ ምጣኔ የፓዮኒርን ውጤት ይፈትሻል። ከማይዋሐዱት ጋዞች ከባዱ ዜኖን ደግሞ የቬነስ የመጀመሪያው አየር ምን ያህል እንደተነጠቀባት፣ ዛሬ የተሸከመችውስ ከውልደቷ የያዘችው ነው ወይስ እሳተ ገሞራዎቿ ኋላ የተፉት የሚለውን ለመለየት ያገለግላል።